ሞራ የጠጣው ካፖርት

ሰኞ፣ ሐምሌ 8። ደባርቅ። ጠዋት 2 ሰዓት።

ሹራቤ ዛሬም አልደረቀም። ሦስተኛ ቀኑ። ምድጃ ዳር ስሰቅለው ጭስ ጠጣ፣ ደጅ ሳወጣው ዝናብ። እንደራሰ ለብሼው ጤ/ጣቢያ ገባሁ። በሽተኞቹ እየሳሉ ይጠብቁኛል፣ እኔም እየሳልኩ መርፌ እቀቅላለሁ። ማን ማንን እንደሚያክም እንጃ።

ኃላፊው ጠራኝ። የአምባራስ የኩፍኝ ክትባት ለነሐሴ መጀመሪያ ተቆርጧል። በቅሎ ተገኝቷል፣ የይለፍ ወረቀት ይጻፋል፣ የላምባ ፍሪጁ በረዶ እየሠራ ነው። የዝናብ ልብስስ አልኩት። ሳቀ። መ/ቤቱ ቦርሳና ማኅተም እንጂ ካፖርት አይሰጥም። ካልቻልሽ ለሌላ ሰው ልስጠው አለ። ሌላ ሰው የለም፤ እሱም ያውቃል። እችላለሁ ብዬ ወጣሁ።

ደብተሬ፣ ለምን እንዲህ እንደምቁነጠነጥ አንቺ ታውቂያለሽ። ለሌላ ሰው አልነገርኩም። አምና ይህን ጊዜ ክትባት ይዤ ወደ አምባራስ ስወጣ ከሳንቃ በር በላይ ካለው ዳገት ተመለስኩ። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ነበር። የለበስኩት ጋቢና የላስቲክ ካፖርት። ላስቲኩን ነፋሱ ከብብቱ ቀደደው፣ ጋቢው ውሃ ጠጣ፣ ጣቶቼ መርፌ መያዝ ቀርቶ ቁልፍ መፍታት አቃታቸው። ባለበቅሎው አያ ተገኘ እንመለስ አላለኝም። ያልኩት እኔ ነኝ። ደባርቅ ስንደርስ በሳጥኑ ያለው በረዶ አልቆ ክትባቱ ተበላሽቶ ነበር። በጥቅምት አምባራስ ኩፍኝ ገባ። ከሞቱት አንዷ የአያ ተገኘ ልጅ ናት። ብርቄ። አራት ዓመቷ።

ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11። ከሰዓት 10።

ካፖርት ፍለጋ ሁለተኛ ቀን። ኅብረት ሱቅ የላስቲክ ካፖርት መጥቷል ተባለና በሩጫ ሄድኩ። ያው የአምናው ዓይነት ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተለውጧል። ብብቱን ይዤ ስስበው ተተረተረ። ሻጩ ተቆጣ፤ የሕዝብ ንብረት ነው አለኝ። ሕዝቡ አውቆ ይልበሰው አልኩ በሆዴ። ደግሞ ላስቲክ የለበሰ ሰው ዳገት ሲወጣ ከውጭ ዝናብ ከውስጥ ላብ ነው። ላቡ ሲቀዘቅዝ ከዝናቡ ይብሳል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም።

የቤቴ አከራይ የሟች ባላቸውን የሱፍ በርኖስ አውጥተው ሰጡኝ። እጃቸውን ስሜ ተቀበልኩ። ማርያምን በጣም ይሞቃል፣ ለብሼው ማውለቅ ጠላሁ። ግን ቆረጥኩና የጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አንድ ሰዓት ሰቀልኩት። በአንድ እጄ ማንሳት አቃተኝ። እንዲህ ያለውን ለብሶ አምባራስ መውጣት ሙክት በግ ተሸክሞ መውጣት ነው። አጥቤ መለስኩላቸው። ቅር አላቸው መሰለኝ።

ገሳ ልበሺ ያለኝም አለ። ሣሩ ውሃ አያስገባም፣ እውነት ነው። እጅጌ ግን የለው፤ በነፋስ ደግሞ ክንፍ ይሆናል። አምና ነፋሱን አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 13። ዳባት። ከሰዓት።

ራሴን በጥፊ ልበለው?

ዳባት ገበያ ልባሽ ጨርቅ ተራ። ሰማያዊ የፈረንጅ ጃኬት። ድሮ ጎብኚ ሲመጣ አንዱ ትቶት የሄደው ይሆናል፣ ሻጩም ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከሻይ ቤት በብርጭቆ ውሃ አምጥቼ እጅጌው ላይ አፈሰስኩ። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ውስጡን ገለበጥኩ፤ ስፌቱ ላይ ከውስጥ በኩል ቀጭን ጥብጣብ ተለጥፎበታል። ቆቡ እስከ ቅንድብ ይመጣል። ጉድለቱ ዚፑ ነው፣ ከመሐል ተነስቶ አይዘጋም። ደግሞ እጅጌው አጠረኝ። እንግዲህ እኔን ታውቂኛለሽ፤ ሌላ የተሻለ ካለ ብዬ ዙሬ ልምጣ አልኩ። ሁሉንም ተራ ዞርኩ፣ ምንም የለም። ስመለስ ሰማያዊው ጃኬት በአንድ ጎረምሳ ጀርባ ላይ ከገበያ ሲወጣ አየሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይኸው ነኝ።

መኪና እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዘነበብኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16። ደባርቅ።

እግሩን የተወጋ ሃምሳ አለቃ ሳክም ካፖርት ማጣቴን ስናገር ሰማኝ። ከጦር ሰፈሩ የወታደር የዝናብ ካባ አስመጣልኝ። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበት። ውሃ አፈሰስኩበት፤ አንድ ጠብታ አላስገባ። ስፌቱ እንኳ አላለቀሰም። ውሰጂው አለ፣ ምስጋናም አልፈለገ። ደስ ብሎኝ እንደለበስኩት ለአያ ተገኘ ላሳየው ሄድኩ።

ደባርቅ ሲወርድ በሚያድርበት ግቢ በቅሎዋን ጭድ ያበላል። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እዚያ ላይ ጫካ የገቡ አሉ፣ ከዚህ ደግሞ የሚያሳድዷቸው አሉ። ከገደል አፋፍ ሆኖ የሚያይ ሰው ቀለሙን ያያል እንጂ ሴት ትሁን ሐኪም፣ ሳጥኑ ክትባት ይሁን ጥይት፣ አያይም። ስምሽን የሚጠይቅሽ ከተኮሰ በኋላ ነው አለ።

አወለቅኩት። ለሃምሳ አለቃው መለስኩለት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ፣ ሰፋኝ አልኩት። ሰፍቶኝም ነበር።

በስምንት ቀን አምስት ካፖርት አየሁ። አንዱ ይቀደዳል፣ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ተሸጠ፣ አንዱ ያስገድላል። እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ የምፈልገው ካፖርት ሳይሆን መቅሪያ ምክንያት ይመስለኛል። ይህን ጽፌ ላጠፋው ነበር። ይቆይ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18። ምሳ ሰዓት።

ካፖርቱ ተገኘ! ገና አልተሰፋም እንጂ ተገኘ። ልብስ ሰፊው አቶ ሰይድ የከባድ መኪና ሸራ አለው። ከአምባ ጊዮርጊስ እህል የሚጭን ሾፌር የተወለት አሮጌ ሸራ ነው፤ ዳሩ ቢነትብም መሐሉ ደህና። ቀለሙ ምን እንደሆነ አይታወቅም። አፈር ይመስላል። እሰይ።

ረጅም ተነጋገርን። አቶ ሰይድ እንደ እኔ ነገር የሚያበዛ ሰው ነው፣ ተስማማን። ውሃ በጨርቁ አይገባም ይላል፣ መርፌ በወጋው ቀዳዳ እንጂ። ስለዚህ ትከሻው ላይ ስፌት አይኖርም፤ ከአንድ ቁራጭ ይቆረጣል። የጎኑ ስፌት ታጥፎ ድርብ ይሆናል። ዚፕ የለም፤ ቁልፍ ሆኖ ከላዩ ክዳን ይደረብበታል። ቆቡ ገመድ ይኖረዋል። ብብቱ ሥር ላብ እንዲወጣ ትንሽ ቀዳዳ፤ ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። እስከ ጉልበት ልሥራው አለ፣ ከጉልበት ከፍ ይበል አልኩ፣ ዳገት አለብኝ። ተከራከርን። እኔ ረታሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23።

አልረታሁም። ሸራው ያስገባል። ስፌቱ ብቻ ሳይሆን ራሱ ጨርቁ። የድሮ ቅባቱ በፀሐይ አልቋል። አቶ ሰይድ አልደነገጠም፤ ሰም ይጠጣ አለ። ሰም አመጣን፣ አቅልጠን ቀባነው። አምሮ ደረቀ። ጠዋት በብርዱ ሳጥፈው ሰሙ እንደ አሮጌ ቅብ ተሰነጣጠቀ።

ሰም ብቻውን ብርድ አይችልም፣ ቅባት ይደባለቅበት ተባለ። የኑግ ዘይት ምርጡ ነው። ኅብረት ሱቅ ሄድኩ፣ ዘይት ካለቀ ወር አልፎታል። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ ለወጥ የሚሆን እንኳ የለም። አቶ ሰይድ ሌላ መላ አለው፦ ወታደሮች ጫማቸውን በሞራ ያሻሉ፣ ቆዳው ውሃ አያስገባም። ሥጋ ቤት በዚህ ሰሞን ሞራ ሞልቷል። ጾሙ ከተፈታ ወዲህ በሬ ይታረዳል። ሥጋ ሻጩ እንደ ፍቅር ስጦታ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27። 9 ሰዓት።

ደረቅ ነኝ። ደብተሬ፣ ደረቅ ነኝ!

ሦስት እጅ ሰም፣ ሁለት እጅ ሞራ። በድስት አቅልጬ በጨርቅ እየነከርኩ በሁለቱም ፊት ቀባሁት። ስፌቱን ሦስት ጊዜ። ምድጃ ዳር ዘርግቼ እንዲጠጣ አደረግኩ። ዛሬ ለብሼው ግቢ መሐል ቆምኩ፣ አከራዬ በእንስራ ውሃ ከላይ ለቀቁብኝ። አንድ እንስራ። ሁለት። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል እጄን ወደ ውስጥ አስገብቼ ሹራቤን ዳሰስኩ። ጨፈርኩ። እሳቸውም እየሳቁ እስክስታ ብጤ መቱ።

ይሸታል። ይሽተት። ሲደርቅ ይለቀው ይሆናል፤ ባይለቀውስ ለሽታ የሞተ ሰው አላየሁም።

አርብ፣ ነሐሴ 3። ቡይት ራስ። ከሰዓት 11።

ጠዋት ወጣን። ሳጥኑ በቅሎዋ ላይ፣ በረዶው አምስት ቀን ቢቆይ ነው። ዝናብ ከደባርቅ ጀምሮ። እኔ ደረቅ። የመንደር ውሾች ይከተሉኛል፤ ካፖርቴን ያሸታሉ፣ አንዱ ጫፉን ላሰው። በድንጋይ አባረርኳቸው።

አያ ተገኘ ሩቅ ይሄዳል። ድሮ ከጎኔ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እያየ ከፊቴ ይርቃል። ከ9 ሰዓት ወዲህ ነው ቆሎውን ያወጣው፤ እሱንም ጀርባውን ሰጥቶኝ ራቅ ብሎ በላ። እኔ አጠገብ መቀመጥ ጠላ። ምናልባት ወደዚያ ቦታ ስንቀርብ ሆዱ ባሰው። አይፈረድበትም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4። ከሳንቃ በር በላይ። ከዳገቱ በኋላ።

አለፍኩት።

እዚያ ድንጋይ ጋ ስንደርስ በረዶ መጣ። ያው የአምናው። ጉሙ በቅሎዋን ደብቆብኝ ጭራዋን ይዤ ሄድኩ። ቆቡን ገመዱን ሳብኩ። በረዶው ሸራው ላይ ጠጠር እንደሚጥሉበት ቆርቆሮ ተንጣጣ፣ ውስጥ ግን ደረቅ። ጣቶቼን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ሞከርኳቸው፤ ይታጠፋሉ። አለቀስኩ፣ በረዶ ስለሆነ ማንም አያውቅም።

አምና ይህን ለብሼ ቢሆን ኖሮ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 6። አምባራስ። 8 ሰዓት።

ትናንት ማታ ገባን። ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጫለሁ። ማንም አልመጣም።

የቀበሌ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚያ ታገኚያቸዋለሽ አለኝ። ሄድኩ። ቅጥሩ ሞልቷል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለዋል። በሩ ላይ ስደርስ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አንዲት ልጅ ልትነካኝ ስትመጣ እናቷ ወደ ኋላ ጎተተቻት። መምሬ ፈንታ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ በትሕትና ከደጅ አስቀሩኝ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ባትገቢ ጥሩ ነው ልጄ አሉ። መርፌ ፈርተው ነው አልኩ። የመንግሥት ሰው ስለሆንኩ ነው አልኩ። አንዲት ሴትዮ ልጆቹን ጾም ልታስገድፍ የመጣች ናት ስትል ሰማሁ። ምንም አልገባኝም። ተናድጄ መለስ አልኩና ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ እኔም።

ያው ቀን። 11 ሰዓት።

ዳሳሽ መጣች። የአያ ተገኘ ሚስት ናት። የብርቄ እናት። ፊት ለፊት ላያት እፈራ ነበር፤ ትናንት ማታም ሰላምታ ብቻ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ቅዳሴ ወጥቶ ነው የመጣች፣ ትንሹን ልጇን አዝላ። አልተጠጋችኝም። አሥር እርምጃ ያህል ቀርታ ቆመች።

“እታለም፣ አምና ጠብቀንሽ ነበር” አለች። “ሦስት ቀን ልጆቹን አጥበን ጠበቅንሽ። ዘንድሮ ደርሰሻል፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ፍልሰታ ነው እኮ። ሕፃን ሳይቀር ውሃ ሳይቀምስ የሚቆርብበት ሱባኤ ነው። አንቺ ሞራ ለብሰሽ መጣሽብን።”

ካፖርቴን አየሁት። አሸተትኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአፍንጫዬ ሥር ነበር።

ደብተሬ፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ጎንደር፣ አባቴ ቤት፣ በፍልሰታ ቅቤ የነካው ማንኪያ ከቤት ይወጣ ነበር። የውይይት ክበብ ከገባሁ ወዲህ ጾም ትቻለሁ፣ ሦስት ዓመቴ። መተው መብቴ ነው እላለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ግን መርሳቴን አላወቅኩም ነበር። ሰሙን መዘንኩ፣ ሞራውን መዘንኩ፣ ስፌቱን፣ ነፋሱን፣ የተኳሹን ዓይን። ወሩን አልመዘንኩም። አቶ ሰይድ እስላም ነው፣ ሊያስበው አይችልም። ሥጋ ሻጩ ሞራ ሲሰጠኝ ፍስክ ነበር። እኔ ነኝ ማሰብ የነበረብኝ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አያ ተገኘን ጠራሁት። መንገዱን ሁሉ ሸትቶህ ነበር፣ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። መሬት መሬት አየ።

“ብነግርሽ ትመለሻለሽ ብዬ።”

ካፖርቱን አወለቅኩት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7። ጠዋት 12 ሰዓት።

ትናንት ከመምሸቱ በፊት አጠብነው። ዳሳሽ ደረቅ እንዶድ ወቅጣ አረፋውን አወጣች። እኔ ውሃ አፈላሁ። ሸራውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግቼ በእግሬ ረገጥኩት። ቅባቱ በውሃው ላይ ቢጫ ሆኖ ተንሳፈፈ። ሰሙም አብሮ ተላጠ። ሰባት ጊዜ ቀየርን። ዳሳሽ አሸተተች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገና። ስምንተኛው ላይ በቃ አለች።

ከዚያ ውሃ አፈሰስኩበት፣ እንዲያው ለማየት። እንደ ወንፊት አሳለፈው። የአንድ ወር ሥራ። ሳቅ መጣብኝ፣ ዳሳሽም ሳቀች፣ ለምን እንደሳቀች ባላውቅም።

መምሬ ፈንታ መጥተው አዩ። ደም የወጣው ስለማይቆርብ የሚወጉት ልጆች ዛሬ አይቆርቡም፣ ነገ ይቆርባሉ አሉ፤ ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ጥሪ ይደረጋል። ደወሉን እሳቸው ያስደውላሉ።

ያው ቀን። 7 ሰዓት።

ሁሉም መጡ። ከዳር ከዳር ጎጆ ሁሉ። ፊተኛዋ ዳሳሽ ነበረች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ እጁን ገለጠችልኝ፣ እሷ ግን ወደ ሌላ አየች። ወጋሁት። ጮኸ። ጩኸቱን ሰምታ ነው ፊቷን ያዞረች። አቀፈችውና እዚያው ቆመች፤ የሌሎቹን ልጆች እጅ እየያዘች እስከ መጨረሻው አገዘችኝ። ስለ ብርቄ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አውቃ መሰለኝ ሌላ ልጅ ሰጠችኝ።

አሥራ አምስት የሚሆን ሕፃን የሚበቃ ክትባት ተረፈ። ሊቀመንበሩ ከገደሉ ማዶ ሌላ መንደር አለች ይላል፣ የግማሽ ቀን መንገድ፤ ክትባት የሚባል ደርሶባት አያውቅም። እዚያ ያሉት እኛ እንዳለን እንኳ አያውቁም። ኃላፊው ያዘዘኝ አምባራስ ድረስ ነው። በሳጥኑ ያለው በረዶ ውሃ ሆኗል።

ያው ቀን። 8 ሰዓት ተኩል።

በረዶ ዘነበ። ከባድ፣ እንደ ባቄላ። ግቢው ነጭ ሆነ። ዳሳሽ ሰፌድ ይዛ ወጣች፣ እኔ ድስት። ከጣሪያው ሥር የተከመረውን አፈስን፣ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለን ሳጥኑን ሞላነው። እጄን ውስጥ ከትቼ ቆጠርኩ፣ አሥር እስክል መቆየት አልቻልኩም። እስከ ነገ ይበቃል።

አያ ተገኘ በቅሎዋን ጭኖ መጣ። ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ፤ ወደ ደባርቅ ነው ወይስ ወደ ማዶ። ሲጠይቀኝ ዓይኔን አየኝ።

ካፖርቱን ለበስኩት። ገና ከደጅ ሳልወጣ ትከሻዬ ራሰ። ብርዱ ይገባል፣ ስፌቱም ጨርቁም ያስገባል፣ እፈራለሁ። ወደ ማዶ አልኩት።